አሳንሰው ቢያዩን ይሻላል ወይስ አግዝፈው? ለምርጫ የሚረዳ ንጽጽር

ሥራቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች አሉ እንበል። አንዱን ሰው ሁሉ ከሚገባው በላይ ያደንቀዋል፤ ያልሠራውም ሳይቀር ይወራለታል። ሌላዋን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥራትም፤ የሠራችውም ሳይቀር ይረሳል። ከሁለቱ የማንን ቦታ ትመርጣላችሁ?

አብዛኛው ሰው ቶሎ የሚመልሰው «አሁን ይናቁኝ፣ በኋላ ያዩኛል» ብሎ ነው። «የናቁት ያደርጋል ራቁት» የሚለው ተረትም ያበረታዋል። መልሱ ጨዋ ነው፣ ደስም ይላል። እኔ ግን ግማሹ ብቻ እውነት ይመስለኛል። አሳንሰው ሲያዩን የምናተርፍበት ቦታ አለ። ዕድሜ ልካችንን በር ላይ ቆመን የምንቀርበትም ቦታ አለ። ስለዚህ «የቱ ይሻላል?» ከማለት በፊት «የት ቦታ?» ማለት ያስፈልጋል።

ነገሩ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከእጃችን የወጣ አይደለም። ለሥራ ስንወዳደር ስለራሳችን ምን ያህል እንደምናወራ እንመርጣለን። ሥራ ስንረከብ «በሳምንት ይደርሳል» ማለት ወይም «ሁለት ሳምንት ስጡኝ» ማለት እንችላለን። ሰው ባልሠራነው ነገር ሲያመሰግነን ዝም ማለትም ማረምም የኛ ፈንታ ነው። እነዚህ ትንንሽ ምርጫዎች ተጠራቅመው ስማችንን ይሠራሉ። ይህ ጽሑፍ የተጻፈው ለእነዚያ ምርጫዎች ነው። በውስጡ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋናው መለኪያ፦ ሰዓት ወይስ አስተያየት?

አንዳንድ ሥራ አለ፣ ውጤቱ ራሱ ይናገራል። ሩጫ እንዲህ ነው። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ ለማራቶን ሲሰለፍ ያሸንፋል ብሎ የጠበቀው ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል። በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ገባ። በጊዜው ከዚያ በፊት ማንም ያልሮጠው ሰዓት ነበር። ሰው ስላላወቀው ሰዓቱ ላይ አንዲት ሰከንድ አልተጨመረችበትም። ከ4 ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ሲሰለፍ ደግሞ ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ትርፍ አንጀቱን ተቀዶ ከተነሣ ገና ሳምንታት ነበር። አሁንም አሸነፈ፤ ያውም ከሮም በ3 ደቂቃ የፈጠነ። የሰው ግምት ከታች ወደ ላይ ተገለበጠ፣ ሰዓቱ ግን ግምቱን አልጠየቀም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ከሰው አስተያየት በቀር ሌላ መለኪያ የሌለው ሥራ አለ። ሙዚቃ፣ ሥዕል፣ ጽሑፍ፣ ምክር፣ አመራር ወደዚህ ያደላሉ። ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ጥናት ይህን በደንብ ያሳያል። ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በኢንተርኔት 48 ዘፈኖችን እንዲያዳምጡና የወደዱትን እንዲያወርዱ ተደረገ። ዘፈኖቹ ታዋቂ አልነበሩም። አንዳንዱ አድማጭ ሌሎች ምን እንዳወረዱ አያይም ነበር። ሌሎቹ ግን በየቡድናቸው ተከፍለው፣ በቡድናቸው የትኛው ዘፈን ስንት ጊዜ እንደወረደ ያያሉ። ውጤቱ ምን ሆነ? አንድ ቡድን ውስጥ ከፍ ያለ ዘፈን ሌላው ቡድን ውስጥ ዝቅ ብሎ ተገኘ። በጣም ጥሩዎቹ ብዙ ጊዜ አልወደቁም፣ በጣም ደካሞቹም ብዙ ጊዜ አላሸነፉም። መሀል ላይ ያሉት ግን ዕጣቸው የተወሰነው ቀድሞ ማን አነሣቸው በሚለው ነበር። እንግዲህ አብዛኞቻችን ያለነው እዚያው መሀል ላይ ነው።

ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚህ ይነሣል። ሥራችሁ ወደ ሰዓቱ ባደላ ቁጥር አሳንሶ መታየት ጉዳቱ ይቀንሳል፣ ጥቅሙ ይበዛል። ወደ አስተያየቱ ባደላ ቁጥር ግን ትሕትና ብቻውን አያዋጣም።

ከልክ በላይ መካብ የሚሰጠው

ሳይገባን ስንካብ የምናገኘው ምስጋና ብቻ ቢሆን ኖሮ ጉዳዩ ቀላል ነበር። ነገር ግን ምስጋናው ራሱ ዕድል ይወልዳል፤ ዕድሉ ደግሞ ችሎታ ይወልዳል። ቆይቶ ያ የተሳሳተ ግምት እውነት ሆኖ ቁጭ ይላል። ይህ ክፍል ለኔ ከሁሉም በላይ የሚገርም ነው።

የካናዳን የበረዶ ሆኪ እንመልከት። ሮጀር ባርንስሊ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ በ1980ዎቹ አጋማሽ የተጫዋቾችን የልደት ቀን ሲመረምር አንድ ነገር አስተዋለ። ከላይ የደረሱት ተጫዋቾች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት ከልክ በላይ ይበዛሉ። ምክንያቱ ከባድ አይደለም። ልጆች በዕድሜ ሲመደቡ መቁረጫው ጃንዋሪ 1 ነው። በጃንዋሪ የተወለደው ልጅ በዲሴምበር ከተወለደው ወደ አንድ ዓመት ይበልጣል። በልጅነት አንድ ዓመት ብዙ ነው፤ ትልቁ ረዘም፣ ጠንከር ይላል። አሠልጣኙ ይህን ዕድሜ እንደ ተሰጥኦ ያየዋል። ልጁ ለተመረጠው ቡድን ይታጫል። የተሻለ አሠልጣኝ፣ ብዙ ልምምድ፣ ጠንካራ ጨዋታ ያገኛል። ከዓመታት በኋላ ልጁ በእውነት የተሻለ ተጫዋች ይሆናል። ሲጀመር የነበረው ግምት ስህተት ነበር። ሲጨረስ ግን ስህተት መሆኑን የሚያሳይ ምንም ነገር አይገኝም።

ትምህርት ቤትም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ሮበርት ሮዘንታልና ሌኖር ጃኮብሰን በ1968 ባሳተሙት ጥናት ለአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን የአንዳንድ ተማሪዎችን ስም ሰጡ። «እነዚህ ዘንድሮ ጥሩ እድገት ያሳያሉ» ተባለ። ስሞቹ የተመረጡት በዕጣ ነበር። በዓመቱ መጨረሻ በታችኞቹ ክፍሎች ያሉት እነዚያ ልጆች በአእምሮ ፈተና ከሌሎቹ የበለጠ ጨመሩ። በላይኞቹ ክፍሎች ግን ያን ያህል ልዩነት አልታየም። ጥናቱ በኋላ ብዙ ክርክር ተነሥቶበታል። የኋለኞቹ ምርመራዎችም ውጤቱ መጀመሪያ እንደተወራው ትልቅ እንዳልሆነ አሳይተዋል። ስለዚህ «ልጅን አወድሱት፣ ሊቅ ይሆናል» ማለት አይቻልም። ግን መምህር የሚጠብቀው ነገር በትንሹም ቢሆን ልጁ ላይ ይደርሳል።

የማኅበረሰብ ሊቁ ሮበርት ሜርተን ደግሞ በዚያው በ1968 ሳይንቲስቶችን አይቶ ተመሳሳይ ነገር ጻፈ። ታዋቂ ሳይንቲስትና ያልታወቀ ሳይንቲስት እኩል ሥራ ቢሠሩ ምስጋናው ወደ ታዋቂው ይሄዳል። ስም ያወጣለት ከማቴዎስ ወንጌል ነው። «ላለው ሁሉ ይሰጠዋል ይበዛለትማል» ከሚለው ቃል። ስም ያለው ሰው ገንዘብ ያገኛል፣ ጎበዝ ረዳቶች ይመጡለታል። በዚያ ገንዘብና በእነዚያ ረዳቶች የሚቀጥለውን ሥራ ይሠራል።

ሌላም ጥቅም አለ። የካቡን ሰዎች ቃላቸውን ማጠፍ ይከብዳቸዋል። «ቀድሞ ማመስገን ለሐሜት ያስቸግራል» የተባለው ለዚህ ነው። ጎበዝ የተባለ ሰው ሲሳሳት «ደክሞት ነው» ይባላል። ያልተገመተ ሰው ያንኑ ስህተት ሲሠራ «አላልኳችሁም?» ይባላል። ይህ ፍትሐዊ አይደለም፤ ግን በየቢሮውና በየትምህርት ቤቱ በየቀኑ የሚሆን ነው።

የሚያስከፍለው

ያልተገባ ግምት ብድር ነው። ዛሬ ዕድል ይሰጣችኋል፤ ነገ ሥራችሁን ወደ ግምቱ ማሳደግ ካልቻላችሁ ወለዱ ይጀምራል። ስለዚህ ጥያቄው ልዩነቱ ምን ያህል ነው፣ ለመሙላትስ ስንት ጊዜ አለኝ የሚል ነው። ልዩነቱ ትንሽ፣ ጊዜው ረጅም ከሆነ እንደ ሆኪው ልጅ ማደግ ይቻላል። ልዩነቱ ትልቅ፣ ጊዜው አጭር ከሆነ ግን አደጋ ነው።

ፍሬዲ አዱን አስታውሱ። ጋና ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የእግር ኳስ ልጅ ነው። በ14 ዓመቱ በ2004 ለዲሲ ዩናይትድ በፕሮፌሽናል ደረጃ መጫወት ጀመረ። «ቀጣዩ ፔሌ» ተባለ። ችሎታ ነበረው፤ ለአሜሪካ ብሔራዊ ቡድንም ተሰልፏል። ከዚያ በኋላ ግን ከክለብ ወደ ክለብ፣ ከአገር ወደ አገር ሲዞር ቆየ። የተሰጠው ስም ላይ አልደረሰም። አንድ ሰው በ14 ዓመቱ ፕሮፌሽናል ሆኖ ለብሔራዊ ቡድን ከተሰለፈ በየትኛውም መለኪያ ትልቅ ነገር ሠርቷል። ግምቱ ግን ያን ሁሉ ውድቀት አስመሰለው። ከልክ ያለፈ ግምት እውነተኛውን ስኬት ሳይቀር ይበላል።

ብራዚል በ1950 ደግሞ የጫናውን መጠን ታሳያለች። በዓለም ዋንጫው የመጨረሻ ዙር ስዊድንን 7 ለ1፣ ስፔንን 6 ለ1 አሸንፋለች። በኡራጓይ ላይ አቻ መውጣት ብቻ ይበቃት ነበር። ጋዜጦች ከጨዋታው በፊት ዋንጫውን ሰጥተዋት ነበር። ማራካና ስታዲየም በሕዝብ ሞልቷል። ኡራጓይ 2 ለ1 አሸነፈች። ግብ ጠባቂው ሞአሲር ባርቦሳ በ2000 እስኪሞት ድረስ ወቀሳው አልለቀቀውም። ያው ቡድን ሁለተኛ ይወጣል ተብሎ ተጠብቆ ቢሆን ኖሮ ያ ሽንፈት የአንድ ሰው የዕድሜ ልክ ሸክም ባልሆነ ነበር።

አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ከልክ በላይ የተገመተ ሁሉ ደካማ ነው ማለት አይደለም። ሲስኮ የተባለው የኔትወርክ መሣሪያ ኩባንያ በማርች 2000 ለአጭር ጊዜ በዓለም ከፍተኛ ዋጋ ያለው ኩባንያ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላ የአክሲዮኑ ዋጋ ከአራት አምስተኛ በላይ ወደቀ። ሲስኮ አልከሰረም፣ መሣሪያውም ይሠራ ነበር፤ ገቢውም በኋላ ከዚያን ጊዜው በጣም በልጦ አደገ። ሆኖም ያን የ2000 ዋጋ መልሶ ለመድረስ ከ20 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል። ኩባንያው ጥሩ ነበር። ግምቱ ግን ከጥሩነቱ በላይ ነበር።

በጣም የከፋው ዓይነት የተካበው ሰው ግምቱን ራሱ ማመን ሲጀምር ወይም እሱን ለመጠበቅ ሲዋሽ ነው። ኤልዛቤት ሆምስ በ2003 ቴራኖስ የሚባል ኩባንያ መሠረተች። ከጣት በተወሰደች ጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ምርመራ እንሠራለን ተባለ። በ2014 አካባቢ ኩባንያው ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶ ነበር። መሣሪያው የተባለውን አይሠራም ነበር። ታማሚዎች የተሳሳተ ውጤት ደርሷቸዋል። በጃንዋሪ 2022 በማጭበርበር ጥፋተኛ ተባለች፤ ከ11 ዓመት በላይ እስራትም ተፈረደባት። እዚህ ላይ ብድሩን የከፈሉት ሌሎች ሰዎችም ናቸው። የእናንተ ስህተት የሌላ ሰው ጤና፣ ገንዘብ ወይም ሕይወት ላይ የሚያርፍ ከሆነ ያለ ችሎታ መካብን በፍጹም አትቀበሉ። በዚህ ላይ «እንደ ሁኔታው» የሚባል ነገር የለም ብዬ አምናለሁ።

ከዚህ ያነሰ ግን በየቀኑ የሚከፈል ዋጋም አለ። ጎበዝ የተባለ ሰው «አልገባኝም» ማለት ይከብደዋል። አዲስ ሠራተኛ ሞኝ ጥያቄ ቢጠይቅ ማንም አይገርመውም። ባለሙያ ተብሎ የመጣ ሰው ያንኑ ሲጠይቅ ግን ፊት ይለዋወጣል። ስለዚህ ዝም ይላል። ዝም ስላለ አይማርም። ለመማር በጣም የሚያስፈልገው ሰው ለመማር በጣም የተቸገረ ሆኖ ይቀራል።

አሳንሶ መታየት የሚሰጠው

ትልቁ ስጦታ ነፃነት ነው። ማንም ከእናንተ ምንም ካልጠበቀ መሞከር ትችላላችሁ። ትሳሳታላችሁ፣ ታርማላችሁ፣ ማንም ልብ አይልም። ጸሐፊ የመጀመሪያ ሥራውን ሲጽፍ ያለው ድፍረት ሁለተኛው ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ለዚህ ይመስለኛል።

ሁለተኛው ጥቅም ተቀናቃኝ አለመዘጋጀቱ ነው። ሌስተር ሲቲ የ2015/16ን የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲጀምር አቋማሪ ድርጅቶች 5000 ለ1 ሰጥተውት ነበር። በቀደመው ዓመት ከመውረድ ለጥቂት ነው የተረፈው። ወቅቱ ሲጀመር ትልልቆቹ ክለቦች አጀንዳቸው ውስጥ አላስገቡትም። በሜይ 2016 ዋንጫውን አነሣ። የሚቀጥለው ዓመት ግን ሁሉም ሻምፒዮን ብሎ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ሌስተር 12ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ያ ታሪክ የሠራው አሠልጣኝ ክላውዲዮ ራኒየሪ በፌብሩዋሪ 2017 ተሰናበተ። ለቡድኑ የማይቻለውን ያመጣ ሰው ዓመት ሳይሞላ «አልበቃም» ተባለ። ለዚህ ንጽጽር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም፤ ያው ክለብ፣ አብዛኞቹ ተጫዋቾችም ያው ናቸው።

ሦስተኛው ጥቅም ከደስታ ጋር የተያያዘ ነው። ሰው የሚረካው ባገኘው ብቻ አይደለም፤ ካሰበው ጋር አነጻጽሮ ነው። «በአርብ አደርሳለሁ» ብላችሁ ረቡዕ ብታደርሱ ትመሰገናላችሁ። «በማክሰኞ» ብላችሁ ያንኑ ረቡዕ ብታደርሱ ትወቀሳላችሁ። ሥራው አንድ ነው፣ ቀኑም አንድ ነው። ስለዚህ ቃል ስትገቡ ትንሽ ዝቅ ማለት ሁልጊዜ ያዋጣል። ግን ይህ ለቀጠሮ ነው እንጂ ለችሎታ አይደለም። ችሎታችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ካስተዋወቃችሁ ሥራው ራሱ አይሰጣችሁም።

የሚያስከፍለው

እዚህ ላይ ቆም እንድትሉ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም አሳንሶ መታየትን የሚያወድሱ ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ። የምናውቃቸው «የተናቁ» ጀግኖች በሙሉ በመጨረሻ የታወቁት ናቸው። ቶም ብሬዲ ኳሱ በእጅ በሚያዝበት በአሜሪካን ፉትቦል በ2000 የተጫዋቾች ምልመላ 199ኛ ሆኖ ተመርጦ የሊጉን ዋንጫ ሱፐር ቦውልን 7 ጊዜ አሸነፈ። ታሪኩ ደስ ይላል። እንደ እሱ ተንቀው ዕድል ሳያገኙ የቀሩትን ግን ማንም አይተርክልንም፤ ስማቸውን ስለማናውቅ። ተንቀው ያሸነፉትን ብቻ ቆጥረን «መናቅ ጥሩ ነው» ብንል የሞቱትን ሳንቆጥር ጦርነቱ ቀላል ነበር እንደማለት ነው።

የታወቁትም ቢሆኑ የከፈሉትን ተመልከቱ። ግሬጎር ሜንዴል አተር እያዳቀለ የዘር ውርስን ሕግ አግኝቶ በ1866 አሳተመ። የሰማው ሰው ጥቂት፣ የገባው ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነበር። በ1884 ሞተ። ሥራው እንደ አዲስ የተገኘው በ1900 ነው። ሳይንስም 34 ዓመት አጣ። አልፍሬድ ቬገነር አህጉሮች ይንቀሳቀሳሉ ያለው በ1912 ነው። ሙያው የአየር ሁኔታ ጥናት ስለነበር ብዙ የሥነ ምድር ሰዎች ከቁብ አልቆጠሩትም። በ1930 ግሪንላንድ ላይ ሞተ። ሐሳቡ ተቀባይነት ያገኘው በ1960ዎቹ ነው። ሁለቱም ትክክል ነበሩ፤ ትክክል መሆናቸውን ሰው ሲያምን ለማየት ግን አልበቁም።

ሳይንቲስቷ ካታሊን ካሪኮ በሕይወት እያለች ደረሰባት፣ በሕይወት እያለችም ተካሰች። ኤም አር ኤን ኤ የተባለውን ሞለኪውል ለሕክምና ለመጠቀም ስትሠራ የምርምር ገንዘብ ጥያቄዋ ተደጋግሞ ውድቅ ተደረገ። በ1995 ከነበረችበት የዩኒቨርሲቲ ደረጃ ዝቅ ተደረገች። ከድሩ ዋይስማን ጋር የሠራችው ሥራ በኋላ ለኮቪድ ክትባቶች መሠረት ሆነ። በ2023 ሁለቱ በሕክምና የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሰዎች ይህን ታሪክ የጽናት ታሪክ ብለው ይተርኩታል። ጽናቷ እውነት ነው። እኔን ግን የሚቆረቁረኝ ሌላ ነው፤ ያኔ በትክክል ተገምታ ቢሆን ሥራው ስንት ዓመት ይቀድም ነበር? እሷን የመሰለ ሌላ ሰው በ1995 ተስፋ ቆርጦ ሥራውን ትቶ ሄዶ ይሆን?

አሳንሶ መታየት ገንዘብም ላይ ይታያል። ሁለት ሰዎች አንድ ሥራ ጀመሩ እንበል፤ አንዱ በ100፣ ሌላው በ120። ሁለቱም በየዓመቱ 10 በመቶ ይጨመርላቸዋል። በ10 ዓመት የመጀመሪያው ወደ 259፣ ሁለተኛው ወደ 311 ይደርሳል። በ20 የጀመረው ልዩነት 52 ሆነ። ማንም ተጨማሪ በደል አልፈጸመም። የመጀመሪያው ቀን ግምት ብቻውን ሠራው።

ከገንዘቡ የሚብሰው ግን ወደ ውስጥ የሚገባው ነው። ለረጅም ጊዜ የተናቀ ሰው ቀስ በቀስ መናቁን ያምናል። ከባድ ሥራ አይሰጠውም፤ ስላልተሰጠው አይማርም፤ ስላልተማረ በኋላ በእውነት ያንሳል። የሆኪው ታሪክ ተገልብጦ ማለት ነው። በዲሴምበር የተወለደውን ልጅ አስቡት።

የትኛውን የት?

ገና ጀማሪ ከሆናችሁና በሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው ከሆነ፣ በትንሹ ከፍ ብሎ መገመትን ምረጡ። «በትንሹ» ስል ምን ማለቴ ነው? ግምቱንና ችሎታችሁን የሚለየውን ነገር በጥቂት ወራት ልትማሩት የምትችሉት ከሆነ ማለት ነው። አንድ ሶፍትዌር በደንብ ባታውቁ ግን ተመሳሳዩን ካወቃችሁ «እችላለሁ፣ ቶሎ እለምዳለሁ» በሉ። ዝርዝሩን በሙሉ ካላሟላሁ አልወዳደርም ብላችሁ አትቅሩ። «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለው ለእንደዚህ ዓይነቱ ሰው ነው። ጨርሶ የማታውቁትን አውቃለሁ ማለት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱ ውሸት ነው።

ቦታው ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ሚዛኑ ይገለበጣል። አሁን የሚያስፈልጋችሁ መማርና መጠየቅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ወራት ትንሽ ዝቅ ብላችሁ ብትታዩ ይሻላል። ሁሉን የሚያውቅ መስላችሁ ከገባችሁ ያቺን የመጠየቂያ ጊዜ ታጣላችሁ።

ውድድር፣ ድርድር፣ ጨረታ ላይ ከሆናችሁ አሳንሰው ይዩአችሁ። እዚህ ብዙ ማብራራት አያስፈልግም።

የምትሸጡት ነገር ሰው ሞክሮ ወዲያው የሚፈርደው ከሆነ ብዙ አታጋንኑ። ሳልጋኒክና ዋትስ በቀጣዩ ሙከራቸው የዘፈኖቹን ደረጃ ሆን ብለው ገለበጡት፤ ብዙ የወረደውን በጥቂቱ የወረደ አስመሰሉት። አብዛኞቹ ዘፈኖች የተሰጣቸውን የውሸት ደረጃ ተከተሉ። ምርጦቹ ግን ከጊዜ ጋር መልሰው ወደ ላይ ወጡ። ደግሞ አንድ ነገር ሆነ፤ ሰዎች በአጠቃላይ የሚያወርዱት ቀነሰ። ከላይ ያለው ጥሩ ሳይሆን ሲቀር ሰው ከሁሉም ራቀ። በውሸት የተካበ ነገር የሚጎዳው ራሱን ብቻ ሳይሆን አካባቢውን በሙሉ ነው።

አለቃ፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አብራሪ ከሆናችሁ በትክክል መገመትን ፈልጉ፤ ካልሆነም ትንሽ ዝቅ ይበል። ሌሎች የሚደገፉት እናንተ ላይ ነው።

ስለራሳችሁ ያላችሁ ግምትስ? በ1999 ዴቪድ ደኒንግና ጀስቲን ክሩገር ባወጡት ጥናት በፈተና ከታችኛው ሩብ የወደቁ ሰዎች በአማካይ ከመቶው ከታች ሲቆጠር 12ኛው ደረጃ ላይ ሆነው ሳለ ራሳቸውን 62ኛው ላይ አስቀመጡ። ከላይኛው ሩብ ያሉት ደግሞ ራሳቸውን ትንሽ ዝቅ አደረጉ። ስለዚህ ውጭው ምንም ይበል፣ ውስጣችሁን በአስተያየት አትለኩ። ሰዓት ፈልጉለት፦ የተጨረሰ ሥራ፣ የተፈታ ችግር፣ ተመልሶ የመጣ ደንበኛ።

እኔ ራሴ እንድመርጥ ብጠየቅ ሕዝብ አሳንሶ እንዲያየኝ፣ ውሳኔ የሚሰጡት ሦስት አራት ሰዎች ግን በትክክል እንዲያውቁኝ እመርጣለሁ። ሰፊ ዝና ጫናውን ያመጣል፤ በሩን የሚከፍቱት ግን ሁልጊዜም ጥቂት ሰዎች ናቸው።

አሁን ካላችሁበት ለመውጣት

ከልክ በላይ ተክባችሁ ከሆነ ቀድማችሁ ራሳችሁ አርሙት። ሰው ካጋለጠው በኋላ ማረም ዋጋ የለውም። «ያንን የሠራችው እሷ ናት፣ እኔ የረዳሁት ይህችን ክፍል ነው» ማለት አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ከዚያ ልዩነቱን የምትሞሉበት አንድ ነገር ምረጡና ዝም ብላችሁ ተማሩት። ሁሉን በአንድ ጊዜ ለመሙላት አትሞክሩ። ገና ያልተዘጋጃችሁበት ዕድገት ቢመጣ «ስድስት ወር ስጡኝ» ማለት ነውር የለበትም። ብዙ ጊዜ ይሰጣችኋል፤ የምትጠይቁት ገና ስማችሁ ጥሩ ሳለ ስለሆነ።

አሳንሰው እያዩአችሁ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ ማን እንደሆነ ለዩ። ሁሉም ነው ወይስ አንድ ሰው? አንድ ሰው ከሆነ ቦታውን ወይም አለቃውን መቀየር የሰውየውን ሐሳብ ከመለወጥ ይቀላል። ካሪኮም በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲውን ትታ ባዮንቴክ ወደተባለው የመድኃኒት ኩባንያ ሄዳለች። ሁሉም ከሆነ ሥራችሁን ወደ ሰዓቱ ጎትቱት። «ጎበዝ ነኝ» ከማለት ይልቅ በቁጥር፣ በቀን፣ በተጨረሰ ነገር አሳዩ። የሠራችሁትን በየወሩ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ለአለቃችሁም ላኩት። ብዙ አለቃ ክፋት ኖሮበት ሳይሆን ስላላየ ነው የሚረሳው። ስለ እናንተ የሚመሰክር ሰው ካገኛችሁም አታፍሩ፣ ጠይቁት፤ ሰው ስለሌላው ሲናገር የሚሰማው ጆሮ ስለራሱ ሲናገር ከሚሰማው ይሰፋል።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ ወስኑለት። አንድ ዓመት በግልጽ ሥራ አሳይታችሁ፣ ጠይቃችሁ፣ ምንም ካልተለወጠ ችግሩ ያለው የምትታዩበት ቦታ ላይ ነው። ያኔ የሥራ ማስታወቂያዎችን ማየት ጀምሩ፤ ያን በየወሩ የጻፋችሁትን ገጽም ይዛችሁ ሂዱ።